በስልክ ብቻ ዲጂታል ተረት ይሠራል ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ለ1ኛ ክፍል ልጆች በስልክ ብቻ ዲጂታል ተረት (ድምፅ፣ ስዕልና ጽሑፍ ያለው፣ በስክሪን የሚነበብ ተረት) መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል። አኒሜሽኑን ግን እርሳው፤ ጊዜ ይበላል፣ ልጁም ፊደሉን ትቶ ስዕሉ ላይ ያፈጣል።

መጀመሪያ ድምፁን ቅዱ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን (አንድ ፊደል ጠንክሮ ወይም ላልቶ መነበቡን) አያሳይም፤ ልጅ አነባበቡን የሚይዘው ሲሰማ ነው። ከሰፈር አንዲት ተረት አዋቂ አያት ካገኛችሁ ከሁላችሁም ትበልጣለች። ቀረጻው ማታ ይሁን፤ ቀን የባጃጅ ጥሩምባ አያስቀርጻችሁም።

ከዚያ በየገጹ አንድ ስዕልና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። «ጦጣዋ ግንቡ ላይ ወጣች።» በሚቀጥለው ገጽ «ጦጣዋ ከግንቡ ወረደች።» የፋሲልን ግንብ የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም፤ የሚደጋገመውንም ቃል ራሱ ቀድሞ ይለዋል። ስዕሉን ልጆቹ ወረቀት ላይ ይሣሉት፣ እናንተ ፎቶ አንሱት።

ኮምፒውተር ከተገኘ ብሉም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ድምፁ ሲሰማ የሚነበበውን ዓረፍተ ነገር ያደምቃል። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ የአማርኛ ተረቶች አሉ። ኔትወርክ አይታመንም፣ ሁሉንም ቀድማችሁ ሜሞሪ ካርድ ላይ ጫኑት።