የተበላሸ የአማርኛ ጽሑፍ በኤክስፒ እና በአዲስ ኮምፒውተር መካከል

ወንድማችን የጠየቁት ይህን ነው፦ በአዲሱ ኮምፒውተር የጻፉት አማርኛ በዊንዶውስ ኤክስፒው ላይ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ከኤክስፒው ያመጧቸው የኖትፓድ ፋይሎች ደግሞ በአዲሱ ላይ አንዳንዱ የጥያቄ ምልክት፣ አንዳንዱ የተዘበራረቀ ላቲን ሆኗል። መነሻቸው ስለሚለያይ በአንድ መድኃኒት አይድኑም። ከሁሉ በፊት የፋይሎቹን ቅጂ ይያዙ፤ የተበላሸ መስሎ የሚታየውንም ፋይል መልሰው አያስቀምጡ።

ሣጥኑ ቀላል ነው። ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። የግዕዝ ፎንት የሆነው ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው፤ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም። የዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ላይ የሚቆጥረው ሥርዓት) ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካን፣ ይጫኑበት።

የጥያቄ ምልክቱ ግን አይመለስም። ፋይሉ «አንሲ» (ANSI፣ የድሮ የፊደል ኮድ ሰንጠረዥ) በሚለው ምርጫ ተቀምጧል ማለት ነው፤ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ለፊደላችን ቦታ ስለሌለ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ተጽፏል። ኖትፓድ ያኔም ያስጠነቅቅ ነበር፤ ማን አንብቦት! ሌላ ቅጂ ወይም የተላከ ኢሜይል ይፈልጉ እንጂ በፋይሉ ላይ አይድከሙ።

ላቲኑን በደንብ ይዩት። ከላዩ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» (á) በየቦታው እየተደጋገመ ከመጣ ደስ ይበልዎት፤ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድን ፊደላት በፋይል ውስጥ መጻፊያ ዘዴ) ነው፣ አነባበቡ ብቻ ተሳስቷል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ትንሽ ቁጥር) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፣ በምዕራብ አውሮፓው ሰንጠረዥ ሲነበብም ያ «ኤ» ይሆናል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍተው ከኢንኮዲንግ (የፊደል ኮድ መምረጫ) ሜኑ ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ። ከታች ያለውን «ኮንቨርት» የሚለውን እንዳይነኩ፤ እሱ አነባበቡን አያርምም፣ ዝብርቅርቁን እንዳለ ወደ ዩቲኤፍ-8 ይለውጠዋል። ዝብርቅርቁን ቀድቶ ሌላ ቦታ መለጠፍም አደገኛ ነው። ያ የምዕራብ አውሮፓው ሰንጠረዥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፤ «ም»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ቤተሰብ፣ አራት ነጥብም ጭምር ከባይቶቻቸው አንዱ እዚያ ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ፕሮግራም ባዶውን ይጥለዋል። የሰው ፋይል ሳስተካክል «ም»ን የመሳሰሉት እየተለቀሙ የጠፉበት ጽሑፍ ካየሁ፣ በመሃል አንድ ሰው ቀድቶ እንደለጠፈው አውቃለሁ።

ያ «ኤ» ከሌለና ተራ የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ከሆነ፣ ጽሑፉ የተጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ የድሮ ፎንት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ቦታ ላይ ስለው ነበር፣ አንዳንዶቹም በሁለት ፎንት ከፍለውት ነበር። ኢንኮዲንግ ቢቀያይሩ ምንም አይለወጥም፤ ለዚያው ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። የኖትፓድ ፋይል ደግሞ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደነበር አይመዘግብም፤ ስለዚህ የዎርዱ ዋና ፋይል ካለ መቀየሪያው ላይ እሱን ያስገቡ።