ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉኝ

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ወጣት ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል፦ «ጋሼ፣ ትራክ ራሱን ሊነዳ ነው ይላሉ፤ መንጃ ፈቃዱን ላውጣ ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?» እዚህ አሜሪካ ስንቱ የአገራችን ልጅ በትራክ እንጀራውን እንደሚበላ ስለማውቅ፣ ጥያቄውን በቀልድ ማለፍ አልፈልግም።

ወሬው ባዶ አይደለም። ኦሮራ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ከዳላስ ሂዩስተን ያለ ሹፌር ጭነት ማመላለስ ጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ የመኪናው አምራች ጠይቆ አንድ ተመልካች ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ የሚነዳው ግን ማሽኑ ነው። እኛ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይተናል። በ2016 ኦቶ የተባለ ኩባንያ ትራክ ኮሎራዶ ውስጥ ቢራ ጭኖ፣ ሹፌሩ መሪውን ለቆ 120 ማይል ያህል ሲጓዝ «አለቀልን» ያሉ ብዙ ነበሩ። ኦቶን የገዛው ኡበር ያንን የትራክ ሥራ በ2018 ዘጋው። ራሱን የሚነዳ መኪና የሚሠራው ዌይሞም በ2023 ትራኩን ትቶ ወደ ታክሲው ዞረ።

ይህን ሰምታችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ከፎርት ዎርዝ ፊኒክስ 1,000 ማይል ያህል ነው። ሕጉ 11 ሰዓት የነዳ ሹፌር 10 ሰዓት እንዲያርፍ ያስገድዳል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ፈረቃ አይጨርሰውም። ማሽን አይተኛም። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት የእኛን ደመወዝ መቆጠብ ብቻ ሳይሆን ያችን የ10 ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ በተለይ ረጅም፣ ቀጥ ያለና በረዶ የማይበዛበት መንገድ ላይ። መሃል መንገድ ሲበላሽስ? ሹፌር በ10 ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቶቹን ከመኪናው ራቅ አድርጎ መደርደር አለበት። ሰው የሌለበት ትራክ ማን ይውረድለት? ኩባንያዎቹ በምትኩ ካቢኑ ላይ መብራት እናብራ ብለው እስከ ማመልከት ደርሰዋል። (በእኔ ቤት ይህ የቀላል ሥራ ምሳሌ ነበር።)

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ማሽን ሥራ ላይ ያለውን ሰው ጎትቶ አያስወጣም፤ ደጅ የቆመው ላይ በሩን ይዘጋል። ዋሽንግተን አካባቢ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት የስንቱ ሐበሻ የመጀመሪያ ሥራ ነበር። የካርድ መክፈያው ሳጥን ሲመጣ እኔ የማውቃቸውን ሰዎች ማንም አላባረራቸውም። አንዱ ጡረታ ወጣ፣ ሌላው ወደ ታክሲ ዞረ፣ በቦታቸው ግን ሰው አልተቀጠረም። ስለዚህ ነገሩ ከእኔ ይልቅ የሚነካው እናንተን ነው። እኔማ ከማሽኑ በፊት ወገቤ ያስቆመኛል።

ሌላም አስቡ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር የአገር ቤት ሹፌሮች ተመሳሳይ ነገር ሰምተው ነበር። ዛሬም አብዛኛውን ጭነት የሚያመላልሰው መኪና ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ያወርዳል እንጂ ዕቃውን ነጋዴው መጋዘን በር ድረስ አያደርስም። ያለ ሹፌር የሚሄደው ትራክም በአብዛኛው ከተርሚናል ተርሚናል ነው የሚመላለሰው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠባብ ግቢ፣ ያረጀ ዶክ (ዕቃ ማውረጃ)፣ የተቆጣ ፎርክሊፍት ነጂ ሰው ነው የሚጋፈጠው።

እንግዲህ ሲዲኤሉን አውጡ። ግን የሃዝማት (የአደገኛ ዕቃ) እና የታንከር (የፈሳሽ ጭነት) ፈቃድ ጨምሩበት፤ ፍላትቤድ (ጎንና ጣሪያ የሌለው ተጎታች) ላይ ጭነት ማሰርና ሸራ ማልበስ ተማሩ፤ የወደብ ኮንቴይነር ሥራ ካገኛችሁ አትናቁት። ለሎንግ ሆል (ለረጅም ርቀት ጭነት) ብላችሁ አዲስ ትራክ በረጅም ዓመት ብድር መግዛትን ግን አልመክርም። ማሽኑ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ የጭነት ዋጋ ሲወድቅ ባንኩ አይጠብቃችሁም፤ በዚህ ሰበብ ትራኩን ያስረከበ ስንት ጎበዝ አውቃለሁ።

ትምህርቱን በነጻ የሚያስተምራችሁ ኩባንያ ከሆነም ውሉን አንብቡ። ስንት ጊዜ እንደሚያስራችሁ፣ ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያሰማራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱ «ከተርሚናል ተርሚናል ብቻ» ከሆነ ደውሉልኝና እንነጋገር።