ዘበኛችሁ ውሻ አይሁን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ወንድሜ ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ አጠገብ ስምንት ክፍል ያለው ሎጅ ልንሠራ ነው። መሬቱ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ቢሆንም በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ አስጠንታችሁ አምጡ ተባልን። እኛ ግን በዚያ ሜዳ አንድም ዋልያ አይተን አናውቅም። ለሌለ እንስሳ ጥናት ማሠራት ምን ይባላል? (ወ.፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ዋልያን በዚያ ሜዳ አለማየታችሁ አይገርምም። እሱ የገደል ሰው ነው፣ ከጠርዙ ብዙ አይርቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በፓርኩ ጥበቃ ስሠራ ብዙውን ጊዜ ያየሁት ቁልቁል ወደ ገደሉ አንገቴን አስግጌ ነው። የእናንተን ሜዳ የሚጎበኘው ሌላ እንግዳ ነው፦ ቀይ ቀበሮ። በማለዳ አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይመጣል። ኑሮው አይጥ ላይ ነውና ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ያለበት ሜዳ ሲታረስ ወይም ሲደለደል የአይጡ ጉድጓድ ይደፈናል፣ እሱም ምግቡን ያጣል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በእኛ አገር ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ከሎጁ ይልቅ ውሻው ያስፈራኛል። ቤት ሲሠራ ዘበኛ ይመጣል፣ ዘበኛው ውሻ ያስከትላል፣ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ወብ ሸለቆ ይህ በሽታ ገብቶ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በእኛም በኩል አንድ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ሲነሳ ውሾቹን በረሃብ ጥሏቸው ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እነሱን ስንሰበስብ ከረምን። ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

መንገድ ካነሳሁ ዘንድ፣ ፓርኩን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦት፣ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለዚያ ሲባል ፓርኩን አቋርጦ ለሚያልፈው መንገድ ከወሰኑ ውጭ አማራጭ መሥራት አስፈልጓል። በፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደርም ከ400 በላይ አባወራ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ደባርቅ ሰፍሯል። አያት ቅድመ አያቱ ከኖሩበት ቀዬ የለቀቀ ሰው፣ ሌላው ጥናት እንኳ ሳያስጠና ሲገነባ ቢያይ ምን ይላል?

ስለዚህ ጥናቱን አሠሩ። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጥናት የተጠየቀበት ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ግን የወረቀት ጥናት እንዳታስደርጊ፤ በበጋም በክረምትም ሜዳውን በእግሩ የሚዞር፣ የአይጥ ጉድጓድ የሚቆጥር ሰው ፈልጉ። ቀበሮው በእናንተ መሬት ላይ የሚመላለስ ከሆነ ወደ ከተማው ጠጋ በሉ፤ ቱሪስቱ እንደሆነ በመኪና ይመጣል። ትርፍራፊ ምግብ ደጅ አትጣሉ፣ ውሻና ጅብ ይጠራል። የውጭ መብራቱንም ቀንሱት።

ዘበኛ ከሆነ ያሳሰባችሁ፣ ሰው ቅጠሩ። የደባርቅ ልጅ ውርጩን ለምዶታል።