ለስለት የሚሆን ድንጋይ ከየት ያመጡ ነበር?

«የጥንት አዳኞች እግራቸው ሥር ያገኙትን ድንጋይ አንስተው ነው የሚፈልጡት ወይስ ይመርጣሉ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን አዋሽ ወንዝ ዳር ባለው መልካ ቁንጥሬ የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ላይ ሁለት ወቅት በቀን ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። ያየሁትንና ሞክሬ ጣቴን የቆረጥኩበትን ልንገርህ።

ይመርጣሉ። እንዲያውም ከመፍለጡ ይልቅ ምርጫው ነው ሙያው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ወንዝ ዳር ባነሳሁት ተራ ድንጋይ ነው። መታሁት፣ መታሁት፣ የወጣው ዱቄት ብቻ። አብረውን የሚሠሩ አንድ አባት ስቀውብኝ «አስቀድመህ ድምፁን ስማ» አሉኝ። ውስጡ ስንጥቅ ያለው ሲያንኳኩት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ገበያ ላይ እንስራ አንኳኩተን እንደምንገዛው ማለት ነው።

ከሁሉም ባልጩት ይበልጣል። ቶሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ፣ የተፈጥሮ መስታወት በለው። ውስጡ ንብርብር ስለሌለው አንተ ባሰብከው በኩል ይሰነጠቃል። ታዲያ መሃሉን እንዳትመታ! ጠርዙን ነው፣ ያውም ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያነሰውን። መምቻህ አለሎ ይሁን። ጠርዙ ስስ ከሆነ በሌላ ድንጋይ ፈግፈግ አድርገው፣ አለዚያ እዚያው ይፈረፈራል። በደንብ ከመታኸው ከሥር ቀጭን ስባሪ መዳፍህ ላይ ይወድቃል። ጀማሪ እሱን ጥሎ ትልቁን ድንጋይ ያቅፋል፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለቱ ግን ያ ስባሪ ነው።

ድንጋዩን ማግኘቱ እንደ ቦታው ነው። መልካ ቁንጥሬ፣ ሲምቢሮ በሚባለው ስፍራ፣ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወንዝ ያመጣውን ባልጩት እየለቀሙ የእጅ መጥረቢያ ሠርተውበታል። ከ500 በላይ ተገኝቷል። እነዚያ ግን ከእኛ ዝርያ በፊት የነበሩ ናቸው። አንተ ለጠየቅከው የሚቀርበው ባሌ ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ግዙፍ ፍልፈል እያደኑ ጠብሰው ይበሉ ነበር። ባልጩታቸውን ያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው ተራራ ነው። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የበረዶ ግግር ነበር። በዚያ ብርድ፣ ለድንጋይ ሲባል 700 ሜትር ሽቅብ! እግር ሥር ያለው ቢበቃ ማን ይወጣው ነበር?

ሙያው ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች በእኛ ዘመን እንኳ የድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተጠንተዋል። «ድንጋይ መፍለጥ የወንድ ሥራ ነው» የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ይቆማል።

መሞከር ካማረህ በወፍራም ጠርሙስ ቂጥ ጀምር። መነጽር አድርግ፣ ጭንህ ላይ ወፍራም ቆዳ ጣል፣ ደጅ ተቀመጥ፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ከጥንት ሥፍራ ግን አንዲት ጠጠር እንዳታነሳ። ስባሪህንም ሜዳ ላይ አትተወው፤ ከብትና ሕፃን ይቆርጣል፣ ነገ ለሚቆፍሩትም ግራ ያጋባል። እኔ የኔን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሬ የዛሬ ሥራ መሆኑን እንዲያውቁት ከሥሩ የአንድ ብር ሳንቲም ጥያለሁ።