ኔትወርክ ካርዱ ሲገባ ዲስኮቹ ለምን ይጠፋሉ?

ጥያቄ፦ አሮጌው ሰርቨራችን የአይሳም (የቀድሞው ዓይነት) የፒሲአይም (የኋለኛው ዓይነት) የካርድ ማስገቢያ አለው። ዲስኮቹ የሚሠሩት ዲስኮችን ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኝ አዳፕቴክ 1542 ስካዚ ካርድ ነው፤ ሰርቨሩ ካርዱን የሚያገኝበት አድራሻ 330፣ አይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት የኢንተራፕት መስመር) 11፣ ዲኤምኤ (በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መስመር) 5። በጃምፐር (ካርዱ ላይ ባለች ትንሽ ማገናኛ) የሚስተካከል ኤንኢ 2000 መሰል ኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት። አድራሻውን 300፣ አይአርኪውን 3 ሳደርገው በሁለተኛው ሲሪያል ፖርት ያለው ሞደም ቆመ። ወደ 320 እና 10 ስቀይረው ደግሞ ዲስኮቹ ጠፉ። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካርዱ ደህና ነው። መጀመሪያ የተጋጨው አይአርኪው ብቻ ነበር፤ 3 የሁለተኛው ሲሪያል ፖርት ነው። አድራሻው ባይነካ ኖሮ ሁለተኛው ችግር አይመጣም ነበር። ኤንኢ 2000 ከመነሻው ጀምሮ 32 ተከታታይ ፖርቶችን (አድራሻዎችን) ይይዛል። አድራሻዎቹ የሚቆጠሩት በሄክሳዴሲማል ስለሆነ 32 እዚያ 20 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከ320 የተነሳ ካርድ 340 ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ያለውን ሁሉ ይወስዳል፤ የስካዚው 330 መሐል ላይ ወደቀ ማለት ነው። 360ንም አይሞክሩት፣ የፕሪንተር ፖርቱን 378 ይሸፍናል።

ሰርቨሩን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ የሻሲውን ብረት ነክተው ካርዱን ያውጡ። የአድራሻውን ጃምፐር ወደ 300 ይመልሱ፤ አይአርኪው 10 ላይ ይቆይ። ከዚያ ባዮስ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ በፒኤንፒና ፒሲአይ ገጽ ላይ አይአርኪው 10ንና 11ን፣ ዲኤምኤ 5ንም «ሌጋሲ አይሳ» (ለአይሳ ካርዶች የተያዙ) ያድርጓቸው። ይህ ከተዘለለ ባዮሱ 10ን ለአንዱ ፒሲአይ ካርድ ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ ኔትወርኩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆማል፣ ጥፋቱንም ኬብሉ ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ። «ሪሴት ኮንፊጉሬሽን ዳታ» (የቀድሞውን ምደባ ሰርዝ) የሚለውን ለአንድ ጊዜ «የስ» ብለው ያስነሱት።

ሊኑክስ ከሆነ ለድራይቨሩ (ካርዱን ለሚያሠራው ፕሮግራም) አድራሻውን ራስዎ መንገር አለብዎት። ከ300 በፊት ዜሮና ኤክስ ካልገባ ቁጥሩን እንደ ተራ ሦስት መቶ አንብቦ ካርድ የሌለበት ቦታ ይፈልጋል፤ «ካርዱ ሞቷል» ከሚባሉት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሲነሳ በፕሮክ ማውጫ ያሉትን የአይኦፖርትስና የኢንተራፕትስ ፋይሎች ከፍተው የትኛው ካርድ የትኛውን አድራሻና አይአርኪው እንደያዘ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሁለት የፒሲአይ ካርዶቼ አይአርኪው 9ን በጋራ ይዘዋል። ይህም ግጭት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የፒሲአይ ካርድ ድራይቨሩ እስኪያስተናግደው ድረስ ምልክቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይደመጣሉ። አይሳ ግን ምልክቱ ሲነሳ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ሁለት ካርዶች አንድ መስመር ላይ ከዋሉ የአንዱ ጥሪ ይጠፋል። 9 ላይ የአይሳ ካርድ ከሌለ አይንኩት። ሁለቱም ብዙ ሥራ ያለባቸው፣ ለምሳሌ ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን በአንድነት የሚያሠራ ካርድ) እና ኔትወርክ ከሆኑ ግን አንዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ ያዛውሩት፤ የኢንተራፕት መስመሮቹ በየማስገቢያው ስለሚፈራረቁ ብዙ ጊዜ ሌላ ቁጥር ይደርሰዋል።