«ልጄን አስተኝተው ጥርሱን ሊሠሩለት ነው፤ ልፈቅድ?»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ላይ አነበዋለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጭንቅ ይዤ መጣሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ በሚቀጥለው ወር አራት ዓመት ይሞላዋል። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ልጁን የምታስተኛልኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ናት።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ልጄ በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ ጀመረ። ዳቦ ስሰጠው ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቀመጣል። ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል። እናቴ ቅርንፉድ አድቅቃ ታደርግለት ነበር። አንድ ቀን ጥርሱን ላጥብለት ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱ ላይ ምስር የምታክል ነጭ እብጠት አየሁ። ክው አልኩ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ቦታ እኔን ውጪ አስቀርተው ልጁን ማሰሪያ ያለው ሰሌዳ ላይ ጠፍረው አሰሩት። አንድ ወረቀት አስፈርመውኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ጩኸቱ በሩን አልፎ ይሰማኛል። ሲያወጡልኝ ሸሚዙ በላብና በእንባ ርሷል፤ አንድም ጥርስ አልተሠራለትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭምብል ያደረገ ሰው ካየ እግሬ ላይ ጥምጥም ይልብኛል።

ሁለተኛዋ የልጆች ጥርስ ሐኪም ናት። ራጅ አነሳችውና ስምንት ጥርሱ ተበልቷል አለችኝ። ሁለቱ መግል ይዘዋል፤ ይነቀላሉ። የቀሩት ይሞላሉ ወይም የብረት ቆብ ይደረግላቸዋል። ይህን ሁሉ ነቅቶ ስለማይችለው ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ አስተኝተን በአንድ ቀን እንጨርስ አለች። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ሲሰማ «ለወተት ጥርስ ብለሽ ልጄን ልታስገድዪው ነው?» አለኝ። ማደንዘዣ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል የሚል ነገር ስልኩ ላይ አንብቧል። እናቴ ደግሞ «ነገ ለሚወድቅ ጥርስ! አንቺን መቼ ጥርስ ሐኪም ወሰድኩሽ?» ትላለች። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ልጄ የሚተኛው ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ ነው። ወተት፣ አንዳንዴም ጁስ። ከሥራ ስመለስ ጡጦው ትራሱ ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። ጥሩ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግን ካለቀሰ እናቴን ሌሊቱን ሙሉ ያስቸግራታል ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ «አልፎ አልፎ ነው» ብዬ ዋሸኋት። እኔው ነኝ ያበላሸሁት። አሁን ደግሞ ላስተኛው ወይስ ልተወው? እባክዎን ይምከሩኝ።

የጨነቃት እናት

—

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ስለዚያች ምስር ስለምታክል እብጠት እናውራ። እሷ መግሉ የሚወጣባት ቀዳዳ ናት። መግሉ መውጫ ሲያገኝ ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ቤተሰብም «ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቢሰጡት እንኳ ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ «ልተወው» የሚለውን ከምርጫዎችሽ ውስጥ አውጪው። ሦስቱን ሳምንት ስትጠብቂም ፊቱ ካበጠ፣ ዓይኑ ሥር ወይም አገጩ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከተዝረበረበ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

የምትኖሪው ሜሪላንድ ስለሆነ ይህን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው ጎረቤትሽ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርስ ተነስቶ አንጎሉ በደረሰ ኢንፌክሽን ሞቷል። እናቱ ለልጆቿ ሜዲኬድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የጤና መድን፣ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ተንከራታ ነበር። ከእሱ በኋላ ነው ክፍለ ግዛቱ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ያሻሻለው። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል፤ ላስፈራራሽም አይደለም። «ጥርስ እኮ ነው» ለሚል ሰው ግን መልስ ሊኖርሽ ይገባል።

እናትሽ የሚናገሩት ከኖሩት ነው። እሳቸው ልጅ ባሳደጉበት ጊዜ ጁስ በየፍሪጁ አልነበረም፤ ለልጅ ጡጦ ሞልቶ ማስተኛትም እንዲህ አልተለመደም። «ነገ ይወድቃል» የሚሉት ግን ለፊት ጥርሶቹ ብቻ ነው የሚሠራው። እነሱ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይወድቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ የሚወድቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ማሙሽ ገና አራት ሊሞላው ነው። በእነዚያ ጥርሶች ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት እንጀራ ሊበላባቸው ነው። ከሥራቸው ለሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ፍርሃቱን አትናቂበት። ነገር ግን መጀመሪያ አንድ የቃል ነገር እናጥራ፤ እኔ እንደማየው የብዙ ቤት ጭቅጭቅ ከዚህ ይነሳል። በእኛ ቋንቋ ሁሉም «ማደንዘዣ» ነው። ድድ ላይ የምትወጋው መርፌም ማደንዘዣ ናት። በአፍንጫ የሚሳበው «የሳቅ ጋዝ» የሚባለውም ማደንዘዣ ነው፤ ልጁ ነቅቶ ያወራል፣ ጋዙ ሲቆም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። የሚያደነዝዝ ሽሮፕ አለ፤ ልጁን ያፈዘዋል፣ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ያስቆጣዋል። ሐኪሟ ለማሙሽ ያለችው ሙሉውን ነው። ምንም አይሰማውም፣ ምንም አያስታውስም፤ አተነፋፈሱን ሌላ ሰው በቱቦ ይቆጣጠርለታል። ባልና ሚስት አንዱ ስለ አንዱ፣ ሌላው ስለ ሌላው እያወሩ «ማደንዘዣ» ሲባባሉ ያመሻሉ።

ባለቤትሽ ያነበበው ነገር መነሻ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሚለው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በተደጋጋሚ ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ በሙሉ ማደንዘዣ ከቆዩ የአእምሮ እድገታቸው ሊነካ ይችላል ነው። የእናንተ ልጅ ሦስት ዓመቱን አልፏል፤ የሚተኛውም አንዴ ነው። በጨቅላነታቸው ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ በማደንዘዣ የተኙ ልጆችን እስከ አምስት ዓመታቸው የተከታተለ ትልቅ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ካልተኙት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘባቸውም። የማሙሽ ሥራ ከአንድ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በግልጽ ጠይቂ።

«ልታስገድዪው ነው» ለሚለውም እውነቱን ልንገርሽ። በአሜሪካ ለጥርስ ሕክምና ሲባል ተኝተው ያልተነሱ ልጆች አሉ። ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። አደጋው የሚከፋው የሚያስተኛው ሰው ራሱ ጥርስ እየሠራ ልጁን በደንብ የሚከታተል ሲጠፋ ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የልጆች ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያቸውን ያጠበቁት። ልጅ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በጥልቀት ከተኛ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ሌላ ልጁን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ባለሙያ ይኑር አሉ። ሐኪምሽ ሆስፒታል መምረጧ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው። ቢሆንም ደውዪና ጠይቂ። የሚያስተኛው ማን ነው? ሕፃናትን አዘውትሮ ያስተኛል? ሥራው እስኪያልቅ ከልጁ ራስጌ አይለይም? ይህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ሌላ ፈልጊ። ባለቤትሽም ስልኩ ላይ አብሮሽ ይሁን። በአማርኛ የሚቀለው ከሆነ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ የሜዲኬድ ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሊያቀርብላችሁ ግዴታው ነው። ከአንቺ አፍ ከሚሰማው ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ካልሽ፣ ለአንዳንዱ ጥርስ አለ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ። በትንሽ ብሩሽ የተበላው ቦታ ላይ ይቀባል፤ መሰርሰሪያም መርፌም የለውም። መበላቱን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። ችግሩ የተበላውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል፣ በየጊዜውም ይደገማል። ሳይሰረሰር የሚደፋ የብረት ቆብም አለ። መግል ለያዙት ሁለቱ ግን እነዚህ አይረዱም። ስለዚህ ሌላ የልጆች ጥርስ ሐኪም ጋ ራጁን ይዘሽ ሂጂ፤ ቅጂውን ማግኘት መብትሽ ነው፣ ጠይቂያቸው ይሰጡሻል። «ከስድስቱ ስንቱ በቅብና በቆብ ብቻ ሊቆይ ይችላል?» በያት። አራቱ ወይም አምስቱ ይችላሉ ካለችሽ ነገሩ በጣም ይቀላል። አይ፣ ብዙዎቹ ጠልቀው ተበልተዋል ካለችሽ ግን፣ እኔ ብሆን ሆስፒታሉን እመርጣለሁ። አራት አምስት ጊዜ እየተያዘ ከሚጮህ አንዴ ተኝቶ ይለቅለት። የሳቅ ጋዙም ቢሆን ነቅቶ አፍንጫው ላይ ጭምብል አድርጎ መቆየት ነው፤ አሁን የሚያስጮኸው ደግሞ ያው ጭምብል ነው።

ስለዚያ ሰሌዳ ሳነብ አንጀቴን በላኝ። ከእንግዲህ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። «አብሬው ካልገባሁ አይሆንም» ማለት መብትሽ ነው። ለአዲሷ ሐኪምም የሆነበትን ንገሪያት። ለሚያስተኙት ሰዎችም ጭምብል እንደሚፈራ ቀድመሽ አሳውቂ። ጭምብሉ ከመቅረቡ በፊት የሚያረጋጋ ሽሮፕ ይሰጡት እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ይሰጣሉ።

የጡጦውንም እውነት ንገሪያት። ዋሸሁ ብለሽ አትፈሪ፤ እንዲህ ያለውን በየቀኑ ነው የሚሰሙት። ግን ጡጦው ካልቀረ አዲስ የተሠራው ጥርስም ይበላል፤ ከዓመት በኋላ እንደገና አስተኙት ሊባል ነው። እናት ሆነሽ ሌሊት እየሠራሽ ያደረግሽው ነው። ለልጅሽ ክፉ አስበሽ አይደለም፣ እኔ ይገባኛል። ዛሬ ማታ ጀምሪ። ወተቱን ከመተኛቱ በፊት ይጠጣ፣ ጥርሱን እጠቡለት፣ ከዚያ በኋላ ጡጦ ከፈለገ ውኃ ብቻ። ወተቱን በየቀኑ በጥቂቱ እያቀጠኑ ወደ ውኃ ማድረስም ይቻላል። ሦስት አራት ሌሊት ይለቀስ ይሆናል። እናትሽ ሥራው የእሳቸው እንደሆነ ይወቁ፤ አያት ስትከለክል ልጅ ይቀበላል። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፣ ልክ እንደ አተር ፍሬ። ከታጠበ በኋላ ይትፋው፣ በውኃ አይጉመጥመጥ።

የወጪውን በአጭሩ ልንገርሽ። ሜዲኬድ ካለው የልጆች ጥርስ ይሸፈናል። የሆስፒታሉና የማደንዘዣው ሒሳብ ግን በሕክምናው በኩል ሊሄድ ስለሚችል የሁለቱም ፈቃድ ማለቁን ከሳምንት በፊት አረጋግጪ።

ቀኑ ሲደርስ ከሁሉ የምፈራው ቁርሱን ነው። ልጁ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ተኝቶ ካስታወከ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ምግብና ወተት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ውኃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ትክክለኛውን ሰዓት ሆስፒታሉ ይነግርሻል። እናትሽ ልጅ በባዶ ሆዱ ከቤት ሲወጣ አንጀታቸው አይችልም። ንጋት ላይ ተደብቀው አንዲት ጉርሻ ቢያጎርሱት ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ካልተናገሩ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱን ከዋዜማው አስረጃቸው። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዘው፣ ማታ ማታ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ አስም ካለው ወይም ከቤተሰብ ማደንዘዣ ያስቸገረው ሰው ካለ ቀድመሽ ደውለሽ ተናገሪ።

ሲነቃ አትደንግጪ። የእኔ ልጅ በአምስት ዓመቷ ለቶንሲል ተኝታ ስትነሳ አላወቀችኝም። እየገፋችኝ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ድንገት ዝም ብላ ውኃ ጠየቀችኝ። ነርሷ ለብዙ ልጆች የሚያጋጥም መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ እንደዚያ አልሆንም ነበር። ለአንቺ አሁን ነገርኩሽ። ከንፈሩ ከደነዘዘ ሳያውቅ ነክሶ እንዳያቆስለው ተመልከቺው።

ወደ ቤት ስትመለሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናውን ባለቤትሽ ይንዳ። አንቺ ከኋላ ከልጁ ጎን ተቀመጪ። እንቅልፉ ገና ስለማይለቀው ራሱ ደረቱ ላይ እንዳይወድቅ አገጩን ቀና አድርገሽ ያዢለት፣ እስከ ቤት ትንፋሹን አዳምጪ።