በወንፊት ላይ የሚቀረው፦ ስለ አሰር፣ ስለ አንጀት ባክቴሪያዎችና ስለ በሽታ መከላከል

የአንባብያን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል። ጉዳዩም አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር እያሉ የሚጠሩት የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል፣ በአንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎችና በእነሱ በኩል ለሰውነት የመከላከል አቅም የሚሰጠው ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። እኔ ያደግሁት በገብስ ቂጣ፣ በቅንጬና በባቄላ ንፍሮ ነው። ልጆቼ ግን ከፉርኖ ዳቦ፣ ከፓስታና ከብስኩት ሌላ አይቀምሱልኝም። ክረምት በገባ ቁጥር ጉንፋን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ቤቱን ያዳርሳል። በጤና ጣቢያ ያነጋገረችኝ ነርስ አሰር ያለው ምግብ የልጆቹን የመከላከል አቅም እንደሚያግዝ ነገረችኝ። ሆድ ፈጭቶ የማይጠቀምበት ነገር ከበሽታ መከላከል ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሐኪሞችንም ለረጅም ዘመን ግራ ያጋባ ነበር። አሰር ሳይፈጭ የሚያልፍ በመሆኑ እንደ ገለባ ይቆጠር ነበር፤ ጥቅሙም የሆድ ድርቀትን ከማስታገስ የሚያልፍ አይመስልም ነበር። በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ በሚመገበው የአፍሪካ ገጠር በምዕራባውያን ዘንድ የተለመዱት የትልቁ አንጀት በሽታዎች እምብዛም እንደማይታዩ አስተዋሉና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አሰርን ትልቅ የምርምር ርዕስ አደረጉት። የባክቴሪያዎቹን ድርሻ በዝርዝር ያሳየው ግን ከእሳቸው በኋላ የመጣው ጥናት ነው።

የጨጓራና የትንሹ አንጀት ኢንዛይሞች ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ስብን ሰባብረው ወደ ደም እንዲገቡ ሲያደርጉ አሰሩን ግን መፍታት አይችሉም፤ ስለዚህ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። በሰውነታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች 38 ትሪሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ይህም ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ሲሆን አብዛኞቹ ያሉት በዚሁ በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ እኛ የሌሉን ኢንዛይሞች ስላሏቸው አሰሩን ያብላሉታል፤ በዚህም ሂደት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ የስብ አሲዶች ይፈጠራሉ።

ከሦስቱ ቡቲሬት ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑት ሕዋሳት ከሚያስፈልጋቸው ኃይል 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከእሱ ነው፤ በበቂ ሲመገቡም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ስለሚቆሙ በአንጀት ውስጥ ያለው ነገር ወደ ደም ሾልኮ እንዳይገባ ያደርጋሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ከግድግዳው የሚያርቅ ዝልግልግ ሽፋን አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አሰር ሲቋረጥባቸው ባክቴሪያዎቹ ፊታቸውን ወደዚህ ሽፋን መልሰው እሱኑ መብላት ይጀምራሉ፤ ሽፋኑ ይሳሳል፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሲመጣም በቀላሉ ግድግዳው ላይ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የአሰር ምርምር እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ግኝት ነው፤ ባክቴሪያዎቹን ማስራብ ከጉዳት ነጻ አለመሆኑን ያሳያልና።

አሁን ወደ መከላከል አቅሙ እንምጣ። በአንጀታችን ግድግዳ ውስጥ እጅግ ብዙ የመከላከያ ሕዋሳት ሰፍረዋል፤ ምክንያቱም ከውጭው ዓለም ጋር ሰፊ ግንኙነት ካላቸው የአካል ክፍሎች አንዱ አንጀት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ጠላትን መምታት ብቻ ሳይሆን ምግብንና ጉዳት የሌለባቸውን ባክቴሪያዎች አለመምታትንም መማር አለባቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጡ የአይጥ ጥናቶች ቡቲሬት ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የሚባሉትን፣ ማለትም አላስፈላጊ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርዱትን የነጭ ደም ሕዋሳት፣ እንደሚያበዛ አሳይተዋል። ስለዚህ «የመከላከል አቅምን ያጎለብታል» ከማለት ይልቅ «ሚዛኑን ይጠብቃል» ማለቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ያለ ልክ የሚቆጣ የመከላከያ ሥርዓት አስምንና የአንጀት ቁስለትን የመሰሉ ሕመሞች ውስጥ እጁ አለበት።

ይህ በአይጥ ብቻ የታየ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ አንድ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንታት ምግባቸውን እንዲለዋወጡ ተደርጎ ነበር። አሜሪካውያኑ በቀን 55 ግራም ያህል አሰር ሲመገቡ ቡቲሬታቸው ከፍ አለ፤ የአንጀታቸው ብግነትም፣ ማለትም መቆጣቱ፣ ቀነሰ። ስብ የበዛበትንና አሰር ያነሰውን የአሜሪካውያኑን ምግብ የተመገቡት ደቡብ አፍሪካውያን ላይ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለውጡ የመጣው በ14 ቀናት ውስጥ መሆኑ ለእርስዎ የምሥራች ነው፤ ልጆችዎ ከዳቦ በስተቀር አንበላም ያሉት ለዓመታት ቢሆንም ባክቴሪያዎቹ ለሚቀርብላቸው ምግብ ምላሽ ለመስጠት ዓመታት አይወስድባቸውም።

ስለ ጉንፋኑ ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ትንንሽ ልጆችን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ቢይዛቸው የተለመደ ነው፤ በደሴ ብርድ መስኮት ተዘግቶ በአንድ ክፍል ሲታደር ደግሞ መተላለፉ አይቀርም። አሰር የክትባትን፣ እጅ የመታጠብንና ቤት የማናፈስን ቦታ አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ቢያንስ 15 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ያሉት 21 ግራም፣ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። በ100 ግራም ፉርኖ ዱቄት ውስጥ ያለው አሰር 3 ግራም አይሞላም፤ ሳይነፋ የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ግን ከ10 ግራም በላይ አለው። ስንዴዎን ወፍጮ ቤት አስፈጭተው ሲመለሱ ዱቄቱን በሁለት ጣት አሽተው ይዩት፤ ከሚሻክረው፣ ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ ከሚቀረው ቅርፊት ውስጥ ነው አብዛኛው አሰር ያለው። በቤት ውስጥ ሲነፉት ወንፊቱ ላይ የሚቀረው፣ በዱቄት ፋብሪካም ፉሩሽካ ተብሎ ለከብት መኖ የሚሸጠው ይኸው ነው። ለከብቱ መልካም ቢሆንም ለልጆችዎ ባክቴሪያዎች ይበልጥ ያስፈልጋል።

ፉርኖውን በአንድ ቀን ከቤት ማስወጣት ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ከሊጡ ሢሶውን ባልተነፋ ስንዴ ወይም በገብስ ዱቄት ይተኩ፤ ሲለምዱት ወደ ግማሽ ያሳድጉት። በፓስታው ላይ የሚያፈሱትን ሱጎ በምስር ይሥሩት፤ አንድ ሲኒ ሳይሆን አንድ ብርጭቆ የሚሞላ የተቀቀለ ምስር ለብቻው 15 ግራም ያህል አሰር ይዟል። በብስኩቱ ፈንታ የገብስ ቆሎና ሽንብራ ቀላቅለው ለትምህርት ቤት ይቋጥሩላቸው። በጾምም ሆነ በፍስክ ጎመን ከገበታው አይጥፋ። የተለያዩ ባክቴሪያዎች የተለያየ የአሰር ዓይነት ስለሚመርጡ አንዱን ምግብ ከማብዛት ይልቅ ዓይነቱን ማብዛት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የቆቦ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ማሽላ እንጀራው አያስቸግረኝም። በጾም ወራት ግን የባቄላና የሽንብራ ንፍሮ ስበላ ሆዴ ይነፋል፤ ሰው መሐል መቀመጥ ያሳፍረኛል። ሐኪም ጥራጥሬ ብላ ይላል፣ ሆዴ እንቢ ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይስሙ፤ ግን ቀስ እያሉ። በባቄላና በሽንብራ ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ እኛ አንፈጫቸውም፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ሲያብላሏቸው ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ መነፋቱ በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም። ጥራጥሬውን ከማታ ጀምሮ ይዘፍዝፉት፤ ጠዋት የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉት። ከእነዚያ ስኳሮች ብዙዎቹ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። ጾሙ ሲገባ በአንድ ጊዜ ሳህን ሙሉ ከመብላት በሁለትና በሦስት ማንኪያ ጀምረው በየጥቂት ቀኑ ይጨምሩ፤ ውኃም በደንብ ይጠጡ፤ አሰር ያለ ውኃ ሆድን ያደርቃልና።

ጓያ ከሚቀላቀልበት ንፍሮ ግን ይጠንቀቁ። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን ነርቭን ጎድቶ እግርን እስከ ወዲያኛው ሊያሰንፍ ይችላል፤ እዚህ ላይ የማነሣውም ዋጋው ስለሚረክስ በችግር ዓመት ብዙ ቤት ስለሚገባ ነው።

ከመነፋቱ ጋር ክብደትዎ ከቀነሰ፣ በሰገራ ደም ከታየ ወይም የሰገራዎ ልማድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ድንገት ከተለወጠ ንፍሮውን አይውቀሱ፤ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ጓደኞቼ እንጀራ የቦካ ስለሆነ በውስጡ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለ፣ ቀሪቦም እንዲሁ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ነው የሚባል እንክብል አይቼ ነበር፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ጤናማ ከሆኑ ገንዘብዎን አያውጡበት። እንክብሉ ለተወሰኑ ሕመሞች በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል፤ ለጤነኛ ሰው በየዕለቱ እንዲወስደው የሚያስገድድ ምክንያት ግን የለም።

ስለ እንጀራው ጓደኞችዎ ግማሹን ትክክል ናቸው። በእርሾው ሊጡን የሚያቦኩት ተሐዋስያን ሕያዋን ናቸው፤ የምጣዱ ግለት ግን ይገድላቸዋል፤ ወደ አንጀትዎ በሕይወት አይደርሱም። እንዲያም ሆኖ ድካማቸው ከንቱ አይደለም፤ በሚቦካበት ጊዜ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትን የሚይዝ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሱታል። ጤፍም ሲፈጭ ቅርፊቱ ስለማይለይ አሰሩ ከነሙሉው እንጀራው ውስጥ ይገኛል። ቀሪቦ እርሾ ገብቶበት ካደረ በኋላ ስለማይፈላ ሕያዋን ተሐዋስያን አሉበት፤ ስኳሩ እንዳይበዛ ግን ልብ ይበሉ። እርጎም እንዲሁ ነው። የሚረጋው ወተት አስቀድሞ ይፍላ፤ ቀዝቀዝ ሲልም ከቀድሞው እርጎ ጥቂት ጣል ይደረግበት፤ ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊተላለፉ ይችላሉና።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 36 ጤናማ አዋቂዎችን ለሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንታት አንዱን ወገን አሰር የበዛበት፣ ሌላውን እርጎንና መሰል የቦኩ ምግቦችን የያዘ ምግብ አበሏቸው። የባክቴሪያቸው ዓይነት የበዛውና በደማቸው ውስጥ 19 የብግነት ፕሮቲኖች የቀነሱላቸው የቦኩ ምግቦችን የተመገቡት ናቸው። አሰር በተመገቡት ዘንድ የባክቴሪያው ዓይነት በዚያ ጊዜ ውስጥ አልጨመረም፤ ብግነት የቀነሰላቸውም ቀድሞውኑ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የነበራቸው ናቸው። ከዚህ እኔ የምረዳው አሰሩን ለመጠቀም የሚያብላላው ባክቴሪያ አስቀድሞ መኖር እንዳለበት ነው። ስለዚህም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ቴምሩንና የምስር ሾርባውን ከእርጎ ጋር ያጣምሩ፤ ሳምቡሳው ይቀንስ።

ከእንክብሉ ይልቅ አጥብቄ የምመክርዎ ሌላ ነገር አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝተው አይዋጡ። ጉንፋንን አያድንም፤ በአንጀትዎ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ከጎጂው ሳይለይ ይገድላል፤ አንዳንዶቹም ለመመለስ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ጥያቄ፦ ደላንታ የምኖር አሮጊት ነኝ፤ ይህን የጻፈችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የልጄ ልጅ ስምንት ወሯ ነው። እኛ ዘንድ ገብስ አይጠፋም። በሶ በውኃ በጥብጬ ባጠጣት ሆዷ ይጠናል?

መልስ፦ እማማ፣ ገብሱ መልካም ነው፤ ለስምንት ወር ሕፃን ግን አዘገጃጀቱ ይለያል። የጡት ወተት ሕፃኗ ራሷ የማትፈጫቸው ስኳሮች አሉት፤ እነሱም ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ስለሚሆኑ የአዋቂውን የአሰር ሥራ ለእሷ ይሠራሉ። እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ የሚበቃት፣ ከዚያም በኋላ ምግብ እየተጨመረላት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባት ያለባት ለዚህም ጭምር ነው።

ሆዷ ትንሽ ስለሆነ በውኃ የቀጠነ በሶ ቦታውን ይይዝባታል እንጂ በቂ ኃይል አይሰጣትም፤ አሰር የበዛበት ምግብም የሚያስፈልጋትን ሳታገኝ ያጠግባታል። ስለዚህ የገብሱን ዱቄት አልመው ያስፈጩት፤ ከክክ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ አድርገው በደንብ ያብስሉት፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከተገኘም የበሰለ እንቁላል ይጨምሩበት። ቆሎ ትን ሊላትና ሊያንቃት ስለሚችል 5 ዓመት ሳይሞላት አይስጧት። ክብደቷንም በየወሩ በጤና ኬላው ያስመዝኗት።